የብስክሌት ጥያቄና መልስ፦ ለእንጦጦ ቁልቁለት የትኛው ፔዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አፍንጮ በር ነው፤ የምሠራው ደግሞ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ባለፈው ጥር ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዛሁ። እሑድ እሑድ ማለዳ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጌ እንጦጦ ማርያም ድረስ እወጣለሁ፤ ስወርድ አስፋልቱን ትቼ በባሕር ዛፉ መሐል ባለው የእግር መንገድ ነው። ችግሬ ፔዳሉ ነው። ከብስክሌቱ ጋር የመጣው ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን ሰኔ ከገባ ወዲህ እግሬ እየሸሸ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር። አብረውኝ ከሚነዱት አንዱ «ጠፍጣፋ ፔዳል የልጆች ነው፤ ጫማ የሚቆልፈውን ግዢ» ይለኛል። ሱቅ ውስጥ ያየሁት የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ፔዳል አለ፤ ዋጋውም አቅሜን አያልፍም። ነሐሴ ላይ ከውጭ የሚመጣ አጎቴም «ምን ላምጣልሽ?» ብሎኛል፤ ነገር ግን ብዙ ላስወጣው አልፈልግም። የቱ ይሻለኛል? የጫማዬ ቁጥር 38 ነው።

አንባቢዎ ከአፍንጮ በር

መልስ፦ ልጄ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስደነገጠኝ «ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር» ያልሽው ነው። ሦስተኛውን አትጠብቂ። አዲሱ ፔዳል እስኪገጠም ድረስ ከእንጦጦ በአስፋልቱ ውረጂ፤ የእግር መንገዱ የትም አይሄድብሽም።

ለምን እንደሚያንሸራትትሽ ልንገርሽ። አምራቾች የብስክሌቱን ዋጋ ለማውረድ ሲፈልጉ መጀመሪያ ከሚቆጥቡባቸው ዕቃዎች አንዱ ፔዳል ነው። ያንቺው ጠርዙ ላይ ያሉት እብጠቶች ከራሱ ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ላይ የፈሰሱ ናቸው፤ ጥቂት ወራት ከተረገጡ ይላጫሉ። የእንጦጦን አፈር ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሲደርቅ ዱቄት፣ ሲርስ ሳሙና ነው። ሶልሽ ላይ ስስ ጭቃ ከተለጠፈ፣ በዚያ ላይ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከተጣበቀ፣ የተላጨ ፕላስቲክ በምን ይያዝሽ? ጭቃውን ወግቶ አልፎ የጫማሽን ጎማ የሚነክስ ብረት ያስፈልግሻል። ስለዚህ ፔዳል ስትመርጪ ከቀለሙም፣ ከስሙም፣ ከክብደቱም በፊት የምታዪው ችንካሩን፣ ማለትም መርገጫው ላይ ብቅ ብለው ሶልሽን የሚነክሱትን ጉጦች ነው።

የጓደኛሽን ምክር አልንቀውም። የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ ጫማ የሚቆልፈውን ፔዳል እ.ኤ.አ. በ1984 ካወጣ ወዲህ የአስፋልት ተወዳዳሪዎች ቀስ በቀስ ሁሉም ወደዚያ ዞረዋል፤ የእኛው ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ሲያስጠራ እግሩ ከፔዳሉ ጋር ተቆልፎ ነበር። «የልጆች ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2007 እና በ2010 በተራራ ቁልቁለት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በጠፍጣፋ ፔዳል ነው። ይህን ለጓደኛሽ ንገሪውና በሰላም ተከራከሩ።

ላንቺ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ገና እየተማርሽ ነው፤ ድንጋይ ላይ ሚዛንሽ ሲዛባ እግርሽ ሳታስቢው መሬት መንካት አለበት። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ጠመዝማዛው ላይ ድንገት ብቅ ሲሉም ቆመሽ ማሳለፍ ያለብሽ አንቺ ነሽ። መንገዱ የእነርሱ ነው፤ እኛ ብስክሌት ይዘን ከመምጣታችን በፊት በእግራቸው የቀደዱት እነርሱ ናቸው። ያን ጊዜ ጫማሽን ከቁልፍ የምታላቅቂበት ፋታ አይኖርሽም። በዚያ ላይ የሚቆልፈው ፔዳል የራሱን ጫማ ይፈልጋል፤ አንድ ዕቃ ልትገዢ ሄደሽ የሁለት ዕቃ ዋጋ ከፍለሽ ትመለሻለሽ።

አሁን ወደዚያ ወደሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው ቁልቁለት ዳር ባለችው የጥገና ቤቴ ውስጥ የተሰበሩ ፔዳሎችን የማጠራቅምበት አንድ ትልቅ የቀለም ቆርቆሮ አለኝ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወለሉ ላይ ዘርግፌ አንድ በአንድ አየኋቸው። የርካሾቹ አሉሚኒየሞች ስብራት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ከውጭ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያብለጨልጫል፣ የተሰበረበት ቦታ ግን እንደ ተፈረከሰ ስኳር ሻካራና ግራጫ ነው። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ስለሆነ ድንጋይ ሲመታው አይታጠፍም፣ ቷ ብሎ ይሄዳል። ከጥሩ አሉሚኒየም ተፈልፍሎ የሚሠራ ፔዳል ግን ሌላ ነው። ያኛው ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ዋጋው ግን ውጭ አገር እንኳን ብዙውን ጊዜ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ሱቅ ያየሽው በአቅምሽ ልክ ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት መሆኑን ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ። ችንካሮቹን በጣትሽ ዳሰስ አድርጊያቸው፤ ከአካሉ ጋር አብረው የፈሰሱ ጉጦች ከሆኑ፣ ከያዝሽው ፕላስቲክ ጋር ሲነጻጸር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

በተመሳሳይ ገንዘብ የምመክርሽ የናይለን ፔዳል ነው። «እርሱስ ፕላስቲክ አይደለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። ነው፤ ግን ወፍራምና በፋይበር የተጠናከረ ናይለን ከአሮጌው ፔዳልሽ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። አካሉ ናይለን፣ ፔርኖው (መርገጫው የሚዞርበት ዘንግ) ጠንካራ ብረት፣ ችንካሮቹ ተፈትተው የሚቀየሩ ብረት የሆኑትን ፈልጊ። ናይለን ከአሉሚኒየም የሚሻልበት ቦታም አለ፤ ድንጋይ ሲነካው ተንሸራትቶ ያልፋል፣ አሉሚኒየም ግን ድንጋዩን ነክሶ ይይዝና ብስክሌቱን ሊያቆመው ይችላል። በጠባብ መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

አጎትሽ ስም ከጠየቀሽ ሦስት ጻፊለት፤ ሬስ ፌስ ቼስተር፣ ዋን አፕ ኮምፖዚት፣ ክራንክ ብራዘርስ ስታምፕ 1። ሦስቱም ናይለን ናቸው፤ ውጭ አገር ዋጋቸው በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዶላር ባለው ውስጥ ነው፤ ጥንዱ ግማሽ ኪሎ ስለማይሞላ ለሻንጣም አያስቸግርም። ከሦስቱ ላንቺ የማስቀድመው ስታምፕ 1ን ነው፤ ምክንያቱም በትንሽና በትልቅ መጠን ይመረታል፤ ትንሹ እንዳንቺ ላለ እግር ታስቦ የተሠራ ነው። «ትንሹን» ብለሽ አስምረሽ ጻፊለት። ሰፊ መርገጫ ለትልቅ እግር ጥሩ ነው፤ ቁጥር 38 ጫማ ግን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሆነው ትርፍ ጠርዝ እግርሽን አይረዳም፤ ቋጥኝና ሥር እየፈለገ ይጋጫል።

እስከ ነሐሴ መጠበቅ ካልቻልሽ (እኔም ብትጠብቂ ደስ አይለኝም፤ ክረምቱ በሙሉ ያልፋል) እዚሁ መርካቶ ውስጥ ስማቸው ብዙም የማይታወቅ የናይለን ፔዳሎች ይገኛሉ። በብር ስንት እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ መጽሔቱ ታትሞ እስኪወጣ ዋጋው ይለወጣል። ከዋጋው ይልቅ አመራረጡን ላሳይሽ።

ፔዳሉን ከካርቶኑ አስወጪና ፔርኖውን በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ያዢው። የመርካቶ ጫጫታ ስለማያስለይሽ ጆሮሽን ተዪው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ብቻ ስሚው። ቀስ ብለሽ አንድ ሙሉ ዙር አዙሪ። እንደ ማር እየተሳበ እኩል ከዞረልሽ ደህና ነው። ውስጡ አሸዋ የገባ ያህል ከቆረቆረሽ ወይም በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ መልሺው፤ ውስጡ ያለው ማሽከርከሪያ፣ ኩሽኔታው፣ ገና ከፋብሪካው ተበላሽቶ የወጣ ነው። ቀጥለሽ ፔርኖውን አጥብቀሽ ይዘሽ መርገጫውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርጊው። በአዲስ ፔዳል ላይ ክፍተት መሰማት የለበትም። በመጨረሻ መርገጫውን ይዘሽ ፔርኖውን አሽከርክሪና ጫፉን ተመልከቺ፤ ጫፉ ክብ እየሳለ የሚወዛወዝ ከሆነ ፔርኖው ጠማማ ነው። በጠማማ ፔርኖ ዳገት መውጣት ጉልበትን ሳምንቱን ሙሉ ያሳምማል።

ነጋዴው ይህን ስታደርጊ ሲያይሽ ሌላ ፔዳል አንሥቶ በጣቱ ጠንቁሎ እንደ እንዝርት ያሽከረክርልሻል፤ «አየሽ እንዴት እንደሚዞር!» ይልሻል። በዚህ አትማረኪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በደንብ የታሸገና በቂ ግሪስ ያለው ፔዳል በጣት ሲመታ አንድ ሁለት ዙር ዞሮ ይቆማል፤ ማሸጊያ ጎማውና ግሪሱ ይይዙታል። እየተፍለቀለቀ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ውስጡ ደረቅ የሆነው ነው። እግርሽ ሲያርፍበት በአንድ ደቂቃ ስልሳ ሰባ ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ለዚህ የእንዝርት ፍጥነት አያስፈልግም። ጭቃና ውኃ የማያስገባ ማሸጊያ ግን ያስፈልጋል።

የችንካሩን ነገር ደግሜ ላምጣው፤ ልቤ ያለው እዚያ ላይ ነውና። በአንድ ገጽ ስምንት ወይም ዐሥር ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ከመርገጫው ገጽ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ብቅ ያሉ፣ በተለይም በፊትና በኋላ ጠርዝ ላይ የተሰለፉ። መሐሉ ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ጫማሽ እንደ ሳህን ውስጥ ይቀመጣል። አሁን ፔዳሉን ገልብጪና ችንካሩ ከየት በኩል እንደተቦለነ እዪ። ከተቃራኒው ገጽ ገብቶ ጫፉ ብቻ ወደ እግር የሚወጣውን ምረጪ። ከላይ የሚቦለነው የመፍቻ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ድንጋይ ይጨፈልቀዋል፣ ከዚያ በኋላ በምንም አይፈታም። ከጀርባ የገባው ግን ጫፉ ቢጣመምም በጀርባው በኩል ይወጣል። የችንካር መለዋወጫ አብሮ ከመጣ በመርፌ ቤትሽ ውስጥ አስቀምጪው፤ ትንንሽ ስለሆነ ይጠፋል።

ችንካር ሶልን እንደሚይዝ ሁሉ ቅልጥምንም ይይዛል። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር አዝናለሁ። እግርሽ ከፔዳሉ ሲያመልጥ ፔዳሉ ይሽከረከርና የእግርሽን ፊት ለፊት ይመታል። ግራ ቅልጥሜ ላይ ተራ የያዙ አራት ነጥቦች አሉ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፣ አልጠፉም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን የቅልጥም መከላከያ አድርጊ፤ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች በቀላሉ ታገኚዋለሽ። ረጅም ካልሲ ካለበስሽበት ማንም አያየውም።

ስለ ጫማ አልጠየቅሽኝም፤ ግን የፔዳሉ ግማሽ ጫማው ነው። በጣም ጥሩ ፔዳል ላይ መጥፎ ጫማ ብትረግጪ ገንዘብሽን ውኃ በላው ማለት ነው። ወፍራም ስፖንጅ ያለው የሩጫ ጫማ አትጠቀሚ፤ እግርሽ ፔዳሉ የት እንዳለ አይሰማውም። ጥልቅ ጥርስ ያለው የተራራ ጫማም አይሆንም፤ ችንካሩ ከጥርሶቹ መሐል ክፍተት ውስጥ ይገባና አንዴ ይይዝሻል፣ አንዴ ይለቅሻል። የሚሻለው ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ጎማው ለስለስ ያለ፣ ግን በእጅ ሲታጠፍ እንደ ጨርቅ የማይጣጠፍ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱበት ዓይነት ጠፍጣፋ ጫማ ጥሩ ነው። ሸራ ጫማም ይይዛል፤ ሆኖም ሶሉ ስስ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ችንካሩ ውስጥ እግርን ይቆረቁራል። (በረባሶ አድርገው የሚነዱ የገጠር ልጆች አይቻለሁ፤ የመኪና ጎማ ስለሆነ አያያዙ ያስደንቃል፤ ጣት ግን ባዶውን ስለሚቀር ለድንጋያማ መንገድ አልፈቅድልሽም።)

አረጋገጥሽም ትንሽ ይለወጥ። ዳገት ላይ ብዙ ሰው በጣቶቹ ሥር ይረግጣል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ፔርኖው ከዚያ ትንሽ ወደ እግርሽ መሐል ይምጣ። ሁለቱን ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ አድርጊ፣ ከኮርቻው ተነሺ፣ ተረከዝሽን ዝቅ አድርጊ። ተረከዝ ሲወርድ የመንገዱ እብጠት ሁሉ እግርሽን ወደ ፔዳሉ ይገፋዋል፤ ተረከዝ ከተነሣ ግን ያው እብጠት እግርሽን ያነሣዋል። ሁለት ጊዜ ያመለጠሽ በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ጃን ሜዳ ሄደሽ ሣሩ ላይ ልመጂው።

ገጠማው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአዋቂ የተራራ ብስክሌት የፔዳል ቀዳዳ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል 9/16 ኢንች ነው፤ ከ14 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሁለቱ የፔዳል ክንዶች ከአንድ ወጥ ብረት የተጠማዘዙ ከሆኑ ግን 1/2 ኢንች ስለሚሆን ከመግዛትሽ በፊት እዪው፤ ይህ በሕፃናት ብስክሌት ላይ ይበዛል። የግራው ፔዳል ፔርኖ ላይ ያለው የብሎን ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። የተደረገውም በምክንያት ነው፤ በእግር ጫና ብዛት ፔርኖው ቀዳዳው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ለመዞር ይሞክራል፤ የግራው እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ እየነዳሽው ራሱን ይፈታ ነበር። ለማስታወስ ያህል፣ በሁለቱም በኩል ፔርኖውን ከላይ ወደ ፊተኛው ጎማ ስታዞሪ ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ስታዞሪ ይፈታል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ተማሪ ብስክሌት ላይ የግራውን ፔዳል በቀኝ በኩል በጉልበት አስገባሁት። አሉሚኒየም ክንድ ስለነበር ጥርሱ እንደ ክር እየተተለተለ ወጣ፤ ያ ክር መሳይ ነገር መዳፌ ላይ የወደቀው እስካሁን በዓይኔ አለ። ቶርኖ ቤት ወስጄ ቀዳዳውን አስፍተው የብረት ቀለበት አስገቡለት፤ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ልጁም ሁለት ቀን በእግሩ ትምህርት ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማንንም የማስጠነቅቀው እንዲህ ነው፦ ጥርሱን ግሪስ ቀቢ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዙሮች በጣትሽ ብቻ አስገቢ። በጣት አልገባም ካለ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ መፍቻ አታንሺ፣ አውጥተሽ እንደገና ጀምሪ። በጣት ከገባ በኋላ በ15 ቁጥር መፍቻ ወይም ከጀርባው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ካለው በዚያ ቁልፍ አጥብቂው። አንድ ጊዜ እንጦጦ ደርሰሽ ከተመለስሽ በኋላ ደግመሽ ጠበቅ አድርጊው።

ጥያቄ፦ እኔ የሰባ ደረጃ ልጅ ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። አዲስ ፔዳል የምገዛበት ገንዘብ ለጊዜው የለኝም። በፕላስቲኩ ፔዳል ላይ ራሴ ብሎን ብበሳበት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ ወንድሜ፤ ግን ሁሉም ፔዳል አይችለውም። ጠርዙን ገልብጠህ እየው። ከሥር ክፍት ሆኖ ግድግዳው እንደ ውኃ ኮዳ ስስ ከሆነ መሰርሰሪያው ይሰነጥቀዋል፤ ተወው። ጠርዙ ድፍንና ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ግን ከብሎኑ ትንሽ በቀጠነ መሰርሰሪያ ብሳና ባለ 3 ሚሊ ሜትር አጭር ብሎን ከጀርባው አስገባ፤ ጫፉ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ አይውጣ። በአንድ ገጽ ስድስት ይበቃሃል፤ ከማዕዘኖቹ ጀምር፣ ወደ ፔርኖው አካባቢ አትጠጋ። ለከተማ መንገድና ለስድስት ኪሎ ዳገት ያገለግልሃል፤ ለእንጦጦ ቁልቁለት ግን አልፈቅድልህም፤ የተበሳ ፕላስቲክ መቼ እንደሚከዳህ አይነግርህም። በየሳምንቱ እጠበውና ከቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ፈልግ፤ አንድ ካየህ የዚያኑ ዕለት አውጣው። መሰርሰሪያ ከሌለህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀበና ብቅ በል፤ ብሎኑን ይዘህ ና፣ መሰርሰሪያው ከእኔ።